እግር ያልረገጠው ሣር

ለንደን ውስጥ፣ ቶተንሃም ከምኖርበት ሕንፃ ፊት ለፊት ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ አንድ ጠዋት በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ታስሮ አየሁ። ድመት የጠፋበት ሰው የለጠፈው መስሎኝ አለፍኩት። ከሰዓት በኋላ ስመለስ አንዲት ጎረቤቴ ፊቷን አጨፍግጋ ስታነበው ደረስኩ። ጥጉ ላይ ያለው ቤት ባለቤት ጓሮው ውስጥ ያለውን ትልቅ ዛፍ ቆርጦ ክፍል ለመጨመር ፈቃድ ጠይቋል። ቅሬታ ያለው ሰው ካለ ለካውንስሉ፣ ለሰፈሩ አስተዳደር፣ ይጻፍ ይላል ወረቀቱ።

ማታ ልጄ ስትመጣ ጠየቅኳት። ልጄ እዚሁ አድጋ እዚሁ ተምራ የካውንስል ፕላኒንግ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው።

"ዛፉ የሰውየው አይደለም እንዴ?"

"የራሱ ነው።"

"ግቢውስ?"

"የራሱ ነው፣ ማሚ።"

"ታዲያ ማንን ነው የሚጠይቀው?"

"አንቺን" አለችና ሳቀች። "ኦብጀክት ማድረግ ትችያለሽ። ዛፉ ላይ የሚያርፉትን ወፎች ሳይ ደስ ይለኛል ብለሽ ብትጽፊ እንኳ ፋይሉ ውስጥ ይገባል።"

አልጻፍኩም። ግን ለአንድ ዛፍ፣ ያውም ለሰው ዛፍ፣ እኔ መጠየቄ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። በዚያው ሰሞን የሆነውን ነገር ባስታወስኩ ቁጥር መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ምሰሶ ላይ የታሰረ ወረቀት ነው።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ያ ምርጫ ለንደን ያለውን አበሻ ለሁለት ከፍሎታል። በየሰርጉ አብረው ሲጨፍሩ የኖሩ ሰዎች አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሲተያዩ ፊታቸውን ማዞር ጀምረዋል። ኤምባሲ ደጅ ታየ የተባለ ሰው ፓስፖርት ሊያሳድስ ሄዶም ቢሆን ይወራበታል። እኔ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ከቤቴና ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ብዙም መሄጃ አልነበረኝም። ዝም እል ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ዝም ማለትም ለሁለቱም ወገን አይጥምም።

አንድ ቅዳሜ ሼፈርድስ ቡሽ ካለው የአበሻ ሱቅ ሽሮ ልገዛ ገባሁ። መደርደሪያው ጫፍ ላይ ባለቀለም ወረቀት ተከምሯል። ከአገር ቤት የመጡ ባለሥልጣናት መሃል ከተማ ባለ ሆቴል የኢንቨስትመንት ምሽት አዘጋጅተዋል፤ ለባለሀብት የሚሰጡ መሬቶች በፊልም ይታያሉ ይላል። ከታች የወረዳዎች ስም ተዘርዝሯል። ከመካከላቸው የእኛ ወረዳ አለ።

"እትዬ፣ እሱን እንኳ አይንኩት" አለኝ ባለሱቁ። "ቀለሙ እጅ ላይ ይቀራል፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን አያስገቡዎትም።"

"ታዲያ አንተ ለምን ደረደርከው?"

"እኔማ ነጋዴ ነኝ። የእነዚያኞቹንም የሰልፍ ወረቀት ይኸው ከበርበሬው አጠገብ አድርጌያለሁ። ሁለቱም ሽሮ ይበላሉ።"

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ የተወለድኩበትን ቦታ አላየሁም ነበር። ፎቶ እንኳ የለኝም። በፊልም ይታያል ከተባለ፣ ማንም ያሳየው ማን፣ ማየት ፈለግሁ። ነገሩ ይኸው ነበር።

በቀኑ ሆቴሉ በር ላይ ሰልፈኞች ቆመዋል። የሚገባውን ሁሉ "ሆዳም! ሆዳም!" ይሉታል። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል የማኅበራችን አባል የሆነች ሴት አየችኝ። በየወሩ አብረን ዝክር የምንበላ ሰዎች ነን። ጩኸቷን አቋርጣ አፏን ያዘች።

"እትዬ! እርስዎንም በአንድ እራት ገዙዎት?"

"አገሬን ላይ ነው።"

"አገርዎማ እኛ ነን፤ እዚሁ ቆመው ይዩና!" አለች፤ አጠገቧ ያሉት ሳቁ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ካርድዎን በደንብ ይቆልፉ፣ ውስጥ ማቀዝቀዣው ይበርዳል" አለችኝና ወደ ጩኸቷ ተመለሰች። ካርድ የምትለው ካርዲጋኔን ነው።

አዳራሹ ሞቅ ያለ ነበር። ፊት ያሉት ወንበሮች ላይ ነጮች ተቀምጠዋል፤ ከኋላ እንደኔ ያለው ነው። ፊልሙ ተጀመረ። መንገድ ታየ፣ ግድብ ታየ፣ የአበባ እርሻ፣ አዲስ ፎቅ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እኔ ሳውቀው በቅሎ የሚንሸራተትበት ገደል አስፋልት ለብሶ ሳይ ደስ ብሎኛል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ከዚያ የእኛ ደጋ መጣ።

ጉሙ ከሣሩ ላይ እየተነሳ ነው። ረጃጅሙ ጅብራ በየቦታው ቆሟል፤ የአስታው ቁጥቋጦ አለ። ያ ቀዝቃዛ ነፋስ ሣሩን ወደ አንድ ወገን ሲያስተኛው ድምፁ ሳይቀር ተቀድቷል። ወዲያው ነው ያወቅሁት።

እዚህ ላይ ስለ ቦታው ትንሽ መናገር አለብኝ። አገራችን የሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። ከመንደራችን በላይ፣ ውርጩ ከሚበረታበት፣ ሰፊ የሣር መሬት አለ፤ ክልክል እንለዋለን። ሣሩ ረጅምና ጠንካራ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ በዝናብ የሚለበስ ገሳ ይሠራበታል። ከሥሩ ምንጮች ይፈልቃሉ፤ በጋ ከክረምት የማይቋረጡ፣ የታችኛውን አገር የሚያጠጡ ናቸው። ክልክሉ ለብዙ ዓመታት ይዘጋል። በተዘጋበት ጊዜ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አያርፍበትም፣ መንገደኛ እንኳ ዙሪያውን ይሄዳል እንጂ አያቋርጠውም። ሣሩ ሲደርስ ወይም ክፉ ዓመት ሲመጣ የሣር ዳኛ የሚባለው ሰው ከቅዳሴ በኋላ ቀኑን ይናገራል። ሁሉም በአንድ ጠዋት ማጭዱን ይዞ ይገባል። ታጭዶ ሲያበቃ ከብቱ ይገባል፤ ክረምት ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል።

አባቴ የሣር ዳኛ ነበር። ልጅ ሳለሁ የራሳችን በሬ ገመዱን በጥሶ ክልክሉ ገባ። ከእኛ ቤት ሰዎች በቀር ያየ አልነበረም። አባቴ በሬውን ራሱ እየነዳ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወሰደና አሳረደው፤ ሥጋው ለተካፋዮቹ ሁሉ ተከፋፈለ። ለእኛም ድርሻችን መጣ። እናቴ ሠራችው፣ በላነው። በሚቀጥለው ዓመት አንድ በሬ ለምነን አረስን። ከአባቴ በኋላ ዳኛነቱ ለታናሽ ወንድሜ ደረሰ።

ሌላም ልማድ አለ። ክልክሉ የብዙ አጥቢያዎች የጋራ ነው። ዳኛው ለዘመዶቹ በድብቅ ይከፍታል ተብሎ ከታማ ከሌሎቹ አጥቢያዎች ሰዎች ይላካሉ። መጥተው ጫፉ ላይ ይቆሙና "ማን ይገለገልበታል?" ብለው ይጠይቁታል። ዳኛው በትሩን ወደ ሣሩ ዘርግቶ "ማንም" ይላል። "እግር አልረገጠውም፣ ማጭድ አላረፈበትም።" ይህ መሐላ ነው። በአገራችን ለአንድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም።

ፊልሙ ላይ ሣሩ አለፈና ወንድሜ መጣ።

ሸምግሏል። ጋቢውን በወግ ለብሶ፣ ክልክሉ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ በትሩን ዘርግቷል። ከካሜራው ጀርባ ያለ ድምፅ "ማን ይገለገልበታል?" ሲል ጠየቀው።

"ማንም!" አለ ወንድሜ ደረቱን ነፍቶ። "እግር አልረገጠውም! ማጭድ አላረፈበትም!"

ወዲያው በእንግሊዝኛ የሚተርከው ሰው ቀጠለ። የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው እንደሚመሰክሩት፣ አለ፣ ይህ ሰፊ መሬት ባዶ ነው፤ በምንም አገልግሎት ላይ አልዋለም። ለበግ እርባታና ለቢራ ገብስ እርሻ ተዘጋጅቷል። ካርታ መጣ። ክልክላችን ካርታው ላይ በቢጫ ቀለም ተሞላ፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ "ባዶ" ተብሎ ተጻፈበት።

ሰው አጨበጨበ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጎንበስ ብሎ "እናቴ፣ ውሃ ላምጣልዎ?" አለኝ። ፊቴ ላይ ምን አይቶ እንደሆነ አላውቅም። ጆሮዬ ውስጥ የወንድሜ ድምፅ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ስናፍቀው የነበረውን ድምፅ መስማቴን እንኳ ልብ ያልኩት ኋላ ነው።

የጥያቄ ሰዓት ሲሆን እጄን አነሳሁ። በሕይወቴ በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ማይክሮፎን ሲሰጡኝ የምይዝበት አቅጣጫ ጠፋኝ።

"ፊልሙ ላይ ያለው ሰው ወንድሜ ነው" አልኩ።

አዳራሹ አጨበጨበልኝ። መድረኩ ላይ ያለው ባለሥልጣን ገና ወጣት ነው፤ ፈገግ አለ። "እንኳን ደስ ያለዎት፣ እናቴ! የልማት አርበኛ ወንድም አለዎት።"

"መሬቱ ባዶ አይደለም።"

"ወንድምዎ እኮ ራሳቸው ማንም አይገለገልበትም አሉ።"

"ስለተዘጋ ነው። እስኪደርስ ተዘግቶ ነው።"

"እኛም የተዘጋውን ልንከፍት ነው የመጣነው" አለ፤ ሰው ሳቀ። ማይክሮፎኑን ወሰዱብኝ።

ሻይ ላይ ሰውየው ራሱ ፈልጎኝ መጣ። ሰው ስለሳቀብኝ ሳይከፋው አልቀረም። ወንበር ስቦልኝ ቆሞ ሰማኝ። ስለ ክልክሉ፣ ስለ ምንጮቹ፣ ስለ መሐላው የምችለውን ያህል ነገርኩት። አቋርጦኝ አልተናገረም።

"እርስዎ ያሉትን አምናለሁ" አለ። "ግን ይስሙኝ። እኔ ያደግሁት በኩራዝ ነው። በየዓመቱ ትምህርት ጨርሶ ሥራ የሚጠይቀኝን ወጣት እርስዎ አያዩትም፤ እኔ ግን ቢሮዬ በር ላይ አየዋለሁ። አገሪቱ ማደግ አለባት። ደኑም ምንጩም ይጠበቅ እንላለን፣ ዕቅዳችን ላይም ተጽፏል። ግን ስናቅድ ያለውንና የሌለውን በሆነ መንገድ መለየት አለብን። የለየነው እንደዚህ ነው፤ የሚያገለግል መሬት አንነካም፣ የማያገለግለውን እንሰጣለን።"

"ይህስ የሚያገለግል አይደለም?"

"ባለሙያዎች ሄደው ያዩት ነገር የለም። ከብት የለም፣ እርሻ የለም፣ ሰው የለም።" ትንሽ አሰበ። "ከክረምት በፊት ሌላ ቡድን ለመጨረሻ ጊዜ ይሄዳል። ሲገለገሉበት ካየ ከካርታው ይወጣል። ሲገለገሉበት በዓይኑ ካየ።"

አመሰገንኩት። ለምን እንዳመሰገንኩት አላውቅም።

ስወጣ ሰልፈኞቹ ሄደዋል። አውቶቡሱ ፎቅ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ፤ ቶተንሃም ደርሼም አልወረድኩም፣ መጨረሻው ፌርማታ ሾፌሩ መጥቶ ነው ያስወረደኝ።

በማግስቱ ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋዋለች። ስለ ፊልሙ ገና ስጀምር ወንድሜ በደስታ አቋረጠኝ።

"ለንደን ድረስ ደረሰ? አየሽው? እንዴት ወጣሁ እታለም?"

"ደህና ወጥተሃል።"

"ጋቢው አዲሱ ነው። በመኪና ሲመጡ ሳይ፣ ዘንድሮስ ሌሎቹ አጥቢያዎች አከበሩን፣ መርማሪ በመኪና ላኩብን ብዬ ሮጬ ገብቼ ለበስኩት። ማን ይገለገልበታል ሲሉኝ እንደ አባባ አድርጌ ማልኩላቸው። ደህና አልማልኩም?"

ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ነገርኩት። ጮክ ብዬም ቀስ ብዬም አልነገርኩትም፤ እንዳየሁት ነገርኩት። ካርታውን፣ ቢጫውን ቀለም፣ የእሱን ቃል ወስደው ባዶ ነው እንዳሉ። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "አለህ?" አልኩ።

"ምያለሁ እኮ" አለ። "እታለም፣ መሐላ እኮ ነው የሰጠኋቸው።"

"አውቃለሁ።"

"እነሱ አያውቁትም?"

"አያውቁትም።"

"እንዴት አያውቁትም? ሀበሾች እኮ ናቸው። በአማርኛ እኮ ነው የጠየቁኝ።"

ያኔ የወንድሜ ትልቁ ልጅ ስልኩን ተቀበለው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ቤት የተቀመጠ፣ ሚስት አግብቶ መሬት ያልደረሰው ሰው ነው።

"አክስቴ፣ እንደምን አሉ? ልናገር ከፈቀዱልኝ፣ ይምጡ ነው የምለው። መንገድ ይመጣል፣ መብራት ይመጣል። እኔም ትራክተር መንዳት እማራለሁ።"

"ምንጩስ?"

"ምንጩን እርስዎ ቧንቧ ከፍተው እየጠጡ ነው የሚጠይቁኝ። እርስዎ ለንደን ሆነው ሣር ይጠብቃሉ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ሣሩን ልብላ?"

አባቱ ስልኩን ሲቀማው፣ ሲቆጣውም ተሰማ። ልጁ ግን ያለው ውሸት አልነበረም። የባለሥልጣኑን ቃልም፣ የእሱንም ቃል እስከ ዛሬ ለመመለስ ስሞክር አልሆነልኝም።

ለወንድሜ የቀረውን ነገርኩት፤ ሌላ ቡድን እንደሚመጣ፣ ሲገለገሉበት ካየ ብቻ ከካርታው እንደሚያወጣው።

"እና ከእነሱ ለማዳን እኛው እናጥፋው ነው የምትይኝ?"

"እኔ አላልኩም። ሰውየው ያለውን ነው የነገርኩህ።"

"ሣሩ አልደረሰም።"

"ይቆያል?"

"ገና ነው። አሁን ከታጨደ ሥሩ ይቃጠላል። አባባ በሬ አርዷል እኮ በዚህ መሬት።"

ልጄ መታገሥ አቃታት። "አጎቴ፣ እኔ በሥራዬ እንዲህ ያለውን አውቀዋለሁ። መዝጋት ራሱ መገልገል ነው። ማኔጅ እያደረጋችሁት ነው። እጽፍላቸዋለሁ።"

"ጻፊ የኔ ልጅ" አለ ወንድሜ። "ለእነዚያ ማን እንደሚነግራቸው እንጃ።"

ልጄ ጻፈች። ሁለት ምሽት ቁጭ ብላ፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም፤ አማርኛውን እኔ አረምኩላት። ደብዳቤው ደርሶናል የሚል ትሁት መልስ መጣ። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ጥጉ ላይ ስላለው ዛፍ ግን በዚያው ሳምንት ካውንስሉ ለሕንፃው ነዋሪ ሁሉ ጻፈ፤ ቅሬታ ስለበዛ ዛፉ እንዳይቆረጥ ተወስኗል ይላል። ልጄ ወረቀቱን አነበበችና መሳቢያ ውስጥ አስገባችው።

ከዚያ ወራት አለፉ። ወደ አገር ቤት ስደውል ወንድሜ ስለ ሌላ ነገር ያወራኛል። የልጁ ሚስት መውለዷን ነገረኝ። ስለ ክልክሉ ስጠይቀው "እየተመካከርን ነው" ይላል። ሽማግሌዎቹ ሳይስማሙ ብዙ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መቀመጣቸውን የሰማሁት ኋላ ነው። ገሚሱ ለሚመጣ ቡድን ብለን መሬት አናበላሽም ብሏል፤ ገሚሱ እንደ ወንድሜ ልጅ ይምጡልን ብሏል።

በጋው ሊያልቅ ሲል ለልጄ በኢሜል ፊልም መጣላት። የላከው የወንድሜ ልጅ ነው፤ ከተማ ወርዶ ነው የላከው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ከፈተችና ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ሰው ክልክሉ ጫፍ ላይ ቆሟል። ከሁሉም አጥቢያ የመጣ ብዙ ሰው ነው። ማጭድ ይዟል፣ ከብቶችም ከኋላ ይታያሉ። ማንም ግን አይገባም። ሲከፈት ልጆች ይሽቀዳደማሉ፣ ሴቶች እልል ይላሉ፤ እንዲህ ነበር የማውቀው። ይህ ግን ቀብር ላይ የቆመ ሕዝብ ይመስላል። ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው። አንድ ሰው ያስለዋል።

ከዚያ ወንድሜ ከሰው መካከል ወጣ። ያን አዲሱን ጋቢ አልለበሰም። በትሩን መሬት ላይ አስቀመጠው። ከአንድ ሰው እጅ ማጭድ ተቀበለ፤ የራሱን እንኳ ይዞ አልመጣም። ጫፉ ላይ ትንሽ ቆመና እግሩን አነሳ።

"ኦ ማይ ጋድ፣ ሊገባ ነው" አለች ልጄ። ክንዴን ይዛኛለች። "ማሚ፣ አደረጉት!"

ገባ። ሣሩ እስከ ወገቡ ነው። ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ አጨደና ወደ ላይ አነሳው፤ አረንጓዴ ነው፣ ገና ነው። ዞር ብሎ ጮኸ።

"ግቡ! ምን ታዩኛላችሁ? ግቡ!"

ሰው ገባ። ካሜራው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የወንድሜ ልጅም እየሮጠ መሆን አለበት። አንዲት ቀይ ቀበሮ ከሰው እግር ሥር ተነስታ ወደ ጅብራው ሮጠች። ከብቶቹ ገቡ። ሌላ ፊልም ነበረ፣ ከሰዓት በኋላ የተነሳ፤ መሬቱ ተላጭቷል፣ በእግርና በሰኮና ተረግጧል፣ ጅብራው ብቻውን ቆሟል። መጨረሻው ላይ ወንድሜ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ልጁ "አባዬ፣ ለአክስቴ አንድ ነገር በላት" ይለዋል። ወንድሜ ካሜራውን አየው።

ልጄ አጨበጨበች፤ ደስታዋን ሳይ አላቆምኳትም። አባቴ ለአንድ በሬ ኮቴ ያደረገውን አይቻለሁ። የእሱ ልጅ፣ የሣሩ ዳኛ ወንድሜ፣ በገዛ እግሩ ሲገባ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ፣ በለንደን፣ በኮምፒውተር አየሁ።

ቡድኑ መጣ። ከብት አየ፣ የታጨደ ሣር ክምር አየ፣ ሰው አየ። የሚያገለግል መሬት ነው ብሎ መዘገበ። ክልክላችን ከካርታው ወጣ። ልጄ ለሥራ ባልደረቦቿ ሳይቀር ነገረች። በሚቀጥለው የማኅበራችን ዝክር ላይ ያቺ ሰልፈኛ ሴት እጄን ይዛ "አሸነፉ አሉ፣ እትዬ! በዚያ እራት ገብተው ቁም ነገር ሠሩበት" አለችኝ። አዎ አልኳት።

ክረምቱ ሲቃረብ ደወልኩ።

"ዘጋችሁት?"

"እንዴት አድርገን እንዘጋዋለን?" አለ ወንድሜ። "ብንዘጋው ባዶ ይሆናል። ነገ ሌላ መኪና ይመጣል።"

ይህን አላሰብኩም ነበር። ልጄም፣ ያን ያህል የተማረችው፣ አላሰበችም ነበር። ከካርታው እንዲወጣ ያደረገው መከፈቱ ነው፤ ስለዚህ ተከፍቶ መኖር አለበት። በሚቀጥለው ዓመትም አልተዘጋም። ከዚያ በኋላም አልተዘጋም። ሁሉም ቀድሜ ካላስገባሁ ይቀርብኛል እያለ ከብቱን ይነዳበታል። ገሳ የሚሠራበት ሣር ስለጠፋ ሰው በዝናብ ፕላስቲክ ይለብሳል። የታችኞቹ ምንጮች በበጋ መድረቅ ጀምረዋል። የወንድሜ ልጅ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ወጣ፤ ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ ይሸከማል አሉኝ። ትራክተሩም አልመጣለት፣ ሣሩም አልቀረለት።

ወንድሜ አሁን የሣር ዳኛ አይደለም። ማንም አልሻረውም። ዳኛ የሚያስፈልገው ለሚዘጋ መሬት ነው።

ባለፈው ፋሲካ ደውዬ እንኳን አደረሰህ ተባብለን፣ ስለ ጤናችን፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ጠየቅሁት።

"ሣሩስ?"

"አጭር ነው።"

ከመስኮቴ ባሻገር ያ ጥጉ ላይ ያለው ዛፍ ይታየኛል፤ ቅጠል ማውጣት ጀምሯል።

"እታለም" አለኝ፣ "ያ ፊልም አለ እስካሁን? ያሳዩታል?"

"እንጃ። ሊያሳዩት ይችላሉ።"

"ካየሽው፣ ሰው ካለ፣ ንገሪልኝ። ያን ጊዜ ውሸቴን አልነበረም። እግር አልረገጠውም ነበር።"

"እነግራቸዋለሁ" አልኩት።